ቂም ያለው ሽርጥ አይታጠቅም

ከጸሎት ቤቱ ቁልቁል ስንወርድ የነሐስ ባንዱ ዜማውን ሳተ። ሐርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራ መለከተኛው ጉሮሮ ገብቶ በሳል ሲያፍነው ከበሮ መቺው ምን ገዶት፣ ድብደባውን ቀጠለ። እኔ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። በቀኝ እጄ የተመዘዘ ሰይፍ፣ በላዬ ጉልበቴን የሚያልፍ ጥቁር ካፖርት፣ በራሴ ላይ የአጎቴ የነበረ ረጅም ባርኔጣ። ላቡ በጀርባዬ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ከኋላዬ የማኅበሩ ወንድሞች ሁለት ሁለት ሆነው ይከተላሉ። የወንጌላዊው ዮሐንስ ቀን ነው፤ እኛ የኬፕ ኮስት ፍሪሜሶኖች የዓመቱን አለቃ አሰናብተን አዲሱን ወንበር ላይ የምናስቀምጥበት ቀን።

ዓሣ ገበያውን ስናልፍ አንዲት ነጋዴ ቅርጫቷን ከራሷ አውርዳ ጮኸች።

«አርሂን! ያንን ሰይፍ አከራየንና ዓሣ እንክተፍበት!»

እኔ ሰልፍ ላይ አልናገርም፤ ደንብ ነው። ከኋላዬ ግን ኢቦ ያንክሰን አላሳለፋትም።

«የዓሣሽ ሽታ ብቻውን ሰይፉን ያጎብጠዋል፣ እህቴ!»

ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ሴትየዋ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሰልፈኞቹም ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ ጓንታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ብቻውን የሚሄደው አለቃችን ኮጆ ባይዱ ዞር አለ።

«ሰልፍ ላይ ነን፣ ወንድም ያንክሰን።»

«ይቅርታ፣ ክቡር አለቃ። አፌ ነው፣ እኔ ዝም ብያለሁ።»

እንደገና ሳቅ። ባይዱ ወደ ፊት ሲመለስ ፊቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ጥርሱን ሲያመው እንዲያ ነው የሚሆነው። በደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የአለቅነት ምልክት፣ ያንን የአናጢ ማዕዘን መለኪያ የሚመስል የብር ማዕዘን፣ በሁለት ጣቱ ጨብጦ ይዞታል። ማታ አውልቆ ለኢቦ ሊያስረክበው ነው።

ይህን ነገር ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአንድ አለንጋ የተገረፉ ሰዎች ናቸው። ባይዱ ከፕራ ወንዝ ግንድ እያወረደ ለመርከብ የሚሸጥ የታወቀ ነጋዴ ሆነ፤ ኢቦ ደግሞ አጫራች። ኢቦ የሰው ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ሲጮህ፣ የተሰነጠቀ ገንቦ እንኳ ለሠርግ የታሰበ ይመስልሃል። የማኅበራችንን ቤት ያሠራው ባይዱ ነው። ግንዱ የእሱ፣ ጣሪያው የእሱ፣ አለቃው የሚቀመጥበት ትልቁ የኦዱም እንጨት ወንበርም የእሱ። በደረጃው ሥር ባለው የመሠረት ድንጋይ ላይ ስሙ ተቀርጿል። ታዲያ በዚያ ዓመት ምርጫ ሲደረግ «አንድ ዓመት ይጨመርልኝ» ብሎ ነበር፤ ወንድሞች ኢቦን መረጡ። ድምፅ ሲቆጠር እኔ ከደጅ ነበርኩ፣ ሳቅና ጭብጨባ ሰምቼ ማን እንደተመረጠ ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁ።

እኔ ማለት የደጅ ዘብ ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ ጀልባና የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። በማኅበሩ ውስጥ ግን ሥራዬ ሰይፍ መዝዞ ከበሩ ውጭ፣ በረንዳው ላይ መቆም ነው። ውስጥ የሚሆነውን አላይም። መጨረሻ የምበላው እኔ፣ ዝናብ የሚመታኝ እኔ። ይኸው ነው፤ ለቅሶ አልያዝኩም።

ከማኅበራችን ቤት ደረስን። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከታች ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ከላይ አዳራሹ ነው። የባይዱ ሚስት እመት አራባ ትልቁን ድስት እያማሰለች ቀና ብላ አየችኝ።

«አርሂን፣ ባልየው እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ምኑ ደኅና! ከምርጫው ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰም። ሌሊት ይነሳና እዚያ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል። ዛሬ እንደምንም አልፎልን በገላገለን።» ማንኪያውን እየላሰች አጉረመረመች። «የዘንባባ ፍሬ ሾርባዬ ሳይረጋ ጨርሱ ብቻ።»

ወደ ላይ ወጣን። ወንድሞች በየቦታቸው ቆሙ፤ የበግ ሌጦ ሽርጣቸውን ተጠቅልሎ በክንዳቸው ይዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለን። ሽርጥ ከመታጠቃችን በፊት፣ በሩም ሳይዘጋ፣ አለቃው «ከወንድሙ ጋር ቂም ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቂም ያለው ሽርጥ አይታጠቅም። አለ የሚል ከተገኘ ያስቀየመውን ሰው ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ታርቀው እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪገቡ ድረስ ሥራ አይጀመርም። እኔ በዘብነቴ «አለ» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ፍርድ ቤት የሚካሰሱ፣ በድንበር የሚደባደቡ፣ ልጅ ለልጅ ተከልክለው የተኳረፉ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ሞልተው «የለም!» ይላሉ፤ ምክንያቱም ከታች ሾርባው ይሸታል።

ባይዱ ከትልቁ ወንበር ፊት ቆመ።

«ወንድሞች፣ ከወንድሙ ጋር ቂም ያለው አለ?»

«የለም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

በሩን ልዘጋ እጀታውን ያዝኩ።

«እኔ አለኝ» አለ ባይዱ።

ፊሊፕ ኤሹን የሚባለው ወጣት መድኃኒት ቀማሚ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ክቡር አለቃ፣ ከማን ጋር?»

«ከወንድም ያንክሰን ጋር።»

ኢቦ ሊስቅ ነበር። ከዚያ የባይዱን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። ሽርጡን ክንዱ ላይ እንዳደረገ ወደ በሩ መጣ። ባይዱ ተከተለው። እኔ ውስጥ ባሉት ላይ በሩን ዘጋሁና ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ሰይፍና አንድ አሮጌ አግዳሚ ወንበር በረንዳው ላይ ቀረን።

ዘብ ቦታውን አይለቅም። ደንቡ «ይሰማል፣ ግን አልሰማም» ይላል። እኔም ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ፤ ጆሮዬን ግን የት ልውሰደው?

«በል ኮጆ» አለ ኢቦ። «ምን በደልኩህ?»

ባይዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ኮረብታው ላይ ያለውን፣ ማታ ማታ ለመርከቦች መብራት የሚበራበትን ምሽግ ያይ ጀመር። አስተያየቱ ገረመኝ። ከዚያ በድንገት ገባኝ። ሌላም ደንብ አለን፤ አዲሱ አለቃ የሚቀመጠው በዮሐንስ ቀን፣ የምሽጉ መብራት ሳይበራ ነው። መብራቱ ከበራ ቀኑ አልፏል፤ የነበረው አለቃ ባለበት ይቀጥላል፤ ለአንድ ዓመት። መሥራቾቹ ይህን ሲደነግጉ ሰው ሰዓቱን አክብሮ እንዲመጣ ብለው ነው። እንዲህ ያለ ተንኮል ይታሰብበታል ብሎ ማን ጠረጠረ! ሰውየው መታረቅ አልፈለገም። የፈለገው እስኪመሽ መቀየም ነው።

ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ ቀልታ ከባሕሩ ብዙም አልራቀችም ነበር።

«ኮጆ?»

«በኤሹን እህት ሠርግ ላይ» አለ ባይዱ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ልቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥክ።»

«የሙሽራዋ አባት ጎትቶ አስቀመጠኝ እኮ።»

«ተቀመጥክ ወይስ አልተቀመጥክም?»

«ተቀመጥኩ። ይቅርታ። አለቀ?»

«አላለቀም። የቤቱ ምረቃ ዕለት እኔ ንግግር ሳደርግ ተኛህ።»

«አዎ፣ ተኝቼ ነበር። ይቅርታ።» ትንሽ አሰበ። «አንኮራፋሁ እንዴ?»

«አንኮራፋህ!»

«እንግዲያ ለማንኮራፋቴም ይቅርታ።»

እንዲህ ፈጥኖ ይቅርታ መጠየቁ ባይዱን አናደደው። ተነስቶ በረንዳውን ከጫፍ ጫፍ ይመላለስ ጀመር።

«ፍየልህን!» አለ። «ያንን ፂማም ፍየልህን ‹ክቡር አለቃ› ብለህ ትጠራዋለህ! ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጆች ‹ክቡር አለቃ ገመድ በጥሶ ጠፋ› እያሉ በመንገድ ሲሮጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

እኔ ምላሴን ነከስኩ። አምላኬን፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ኢቦም ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ መሬት መሬት አየ።

«እሱስ ልክ ነህ» አለ በመጨረሻ። «አጉል ቀልድ ነው። ዛሬ ማታ ስሙን እቀይራለሁ። ይቅርታ ኮጆ፣ ከልቤ ነው።»

በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። በበሩ ላይ ያለችው ትንሿ መስኮት ተከፈተችና የኤሹን መነጽር ብቅ አለ።

«ታረቁ?»

«ገና» አልኩት።

«ሽማግሌዎቹ እግራችን ዛለ እያሉ ነው።»

«ይቀመጡ በላቸው።»

«አለቃው ሳይቀመጥ እንዴት ይቀመጣሉ?»

«እንግዲያ ይቁሙ!» ብዬ መስኮቷን ዘጋሁበት።

ከታች ደግሞ እመት አራባ ጉድ ፈላ ብላ ወጣች።

«ምንድን ነው እላይ? ለምን ሥራችሁን አትሠሩም? ኮጆ! እዚያ ምን ትገተራለህ?»

«የማኅበር ጉዳይ ነው፣ አራባ!»

«የማኅበር ጉዳይ! የወቀጥነው የካሳቫ ፉፉ እንደ ድንጋይ ሊደርቅ ነው! ሚስጥራችሁን ብሉት እንግዲህ!»

ያን ጊዜ ነው የመብራቱን ጠባቂ ያየሁት። በኮረብታው ጠመዝማዛ መንገድ፣ የዘይት ጣሳውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። አንካሳ ስለሆነ ይዘገያል፤ ቢሆንም እየወጣ ነው። ባይዱም አየው። ኢቦም አየው። ሦስታችንም አንካሳውን ስናይ ቆየን።

«ሌላስ?» አለ ኢቦ፤ ድምፁ ከቅድሙ ዝቅ ብሏል።

«ደወሉ።»

«የቱ ደወል?»

«የትምህርት ቤቱ! ደወል የሚደውል ልጅ ሲመረጥ፣ እኔ በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድሜ እመጣ ነበር። ግቢውን ጠርጌ፣ የመምህሩን ጫማ ወልውዬ፣ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አንተ አርፍደህ መጣህ፤ እንዲያውም ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል። መምህሩ አየህና ሳቀ፤ ገመዱን ለአንተ ሰጠህ።»

«ኮጆ፣ ልጆች ነበርን እኮ።»

«ገመዱን ለአንተ ሰጠህ!»

ኢቦ አላፌዘም። «ለደወሉም ይቅርታ» አለ። «ሌላስ?»

ለባይዱ የቀረው ቂም አልነበረም፤ ከረጢቱ ባዶ ሆነ። ኮረብታውን አየ፣ አንካሳው ገና ግማሽ መንገድ ይቀረዋል።

«ጨርሰሃል» አለው ኢቦ። «መብራቱን ነው የምትጠብቀው። እሺ፣ ጠብቅ። እኔም አብሬህ እጠብቃለሁ። ግን አርባ ዓመት የማውቅህ ሰው ነህና እውነቱን ነግረኸኝ ወንበሩን ውሰድ። በፍየል ስም አትሸፍነው።»

ባይዱ ወደ እሱ ዞረ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ቀናሁብህ!» አለ። «ይኸው! ደስ አለህ? ቀናሁብህ፣ ኢቦ። ዛሬ አይደለም የጀመረኝ። አንጀቴ ቅጥል ይላል። ይህን ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ። ግንዱ ሲወርድ ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቤ ቆሜያለሁ። ስገባ ሁሉም ይነሱልኛል፤ ለምን? ደንቡ ስለሚያዝ። አንተ ስትገባ ማንም አይነሳም። ወንበር ይስቡልሃል! ‹ኢቦ፣ እዚህ፣ እኔ ጋ፣ ና!› ይሉሃል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልሃል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ለእኔ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም። ያ ወንበር ብቻ ነበረኝ፤ ራሴ ያሠራሁት። እሱንም ለአንተ ሰጡህ።»

እኔ ባሕሩን አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሰው የት ይገባል? ጎልማሳ ሰው፣ ባለ ሀብት፣ አገረ ገዥው ቤት የሚጋበዝ ሰው፣ ወንበር አልሳቡልኝም ብሎ ድምፁ ሲሰበር።

ኢቦ ባይዱን ክንዱን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ከጎኑ ተቀመጠ፤ ሽርጡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእጁ ይዳብሰዋል። ለዚህ ምን ይቅርታ ይጠይቃል? ሰዎች ስለወደዱኝ ይቅርታ ይላል?

«እኔም እቀናብሃለሁ» አለ።

«ውሸት!»

«ድንጋዩ ላይ ያለውን ስምህን አይተኸዋል? እኔ ይህን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ። ምራቄን እውጣለሁ። እኔ ምንድን ነኝ? የሰው ዕቃ እያነሳሁ የምጮህ ሰው ነኝ። ዛሬ ያሳቅሁትን ነገ ማን ያስታውሰዋል? እኔ ስሞት ጩኸቴ አብሮኝ ይሞታል። የአንተ ስም እዚያ ይኖራል። የልጅ ልጆቻችን በደረጃው ሲወጡ የሚያነቡት አንተን ነው።»

ባይዱ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«እቀናብሃለሁ ያልከውን።»

«እቀናብሃለሁ፣ ኮጆ።»

«በወጣህ ቁጥር ነው ያልከው?»

«በወጣሁ ቁጥር።»

«ባለፈው ስብሰባም?»

«ባለፈውም።»

«ያን ዕለት እየዘፈንክ ነበር የወጣኸው።»

«ቅናቴን ልደብቅ ነዋ የዘፈንኩት!»

ይህን ብታዩት! የሰውየው ፊት፣ ወር ሙሉ የታሠረ ፊት፣ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ። ለካ ሰው ሲቀኑበት እንዲህ ይድናል! ባይዱ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ የብር ማዕዘኑን በጓንቱ ወለወለው፣ ተነሳ። እጁን ለኢቦ ዘረጋ።

«ና፣ ግባ። አንካሳው ደርሷል።»

«ይቅር አልከኝ?»

«ይቅር ብዬሃለሁ። የፍየሉን ስም ግን ዛሬውኑ።» በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ኢቦ። ያ ወንበር ሲያዩት እንጨት ነው። ቁጭ ስትልበት ታየዋለህ።»

«እንጨት እንጨት ነው። እኔ ለእንጨት ከሰው አልጣላም፣ አትሥጋ።»

ሰይፌን አዙሬ በእጀታው በሩን መታሁ። ኤሹን ከፈተ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፣ እኔም ከውጭ ዘጋሁ። የሚባለው ተባለ፣ የሚደረገው ተደረገ፤ ከዚያ ጭብጨባው በረንዳው እስኪርድ ድረስ ተሰማ። ወዲያው ቀና ስል በምሽጉ ላይ መብራቱ ቦግ አለ።

ራት ላይ እኔም ገባሁ፤ ሲበላ ዘብ አያስፈልግም። ኢቦ የብር ማዕዘኑን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ባይዱ ሲመጣ ራሱ ተነሳና ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበለት። «ኮጆ፣ እዚህ፣ እኔ ጋ፣ ና!» አለው፤ ድምፁን እንደ ጨረታ ከፍ አድርጎ። ባይዱ ተቀመጠ። እመት አራባ ከበሩ ሆና አየች፤ ባሏ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጥቶ ሦስተኛ ሲጠይቅ አንገቷን ነቅንቃ ወደ ድስቷ ሄደች።

ስንወጣ ኢቦን ከደረጃው ሥር፣ ከመሠረት ድንጋዩ አጠገብ ያዝኩት።

«ክቡር አለቃ፣ አልሰማሁም እንጂ ብሰማ ኖሮ አንድ ነገር እጠይቅህ ነበር።»

«ጠይቅ።»

«እውነት በዚህ ድንጋይ ትቀና ነበር?»

ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«በድንጋይ? እኔ? አርሂን፣ ሾርባው እየረጋ ነበር እኮ!» ትከሻዬን መትቶ እየዘፈነ ሄደ።

እኔም ሰው ማለት ይህ ነው አልኩ። ለአንድ ወዳጁ ብሎ ራሱን ቀናተኛ አደረገ። እንዲህ ያለ ውሸት ከመቶ እውነት ይሻላል ብዬ ሰይፌን ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

ዓመቱ ጥሩ ዓመት ነበር፤ ማንም አይክድም። ስብሰባው በሳቅ ይጀመራል፣ በሳቅ ያልቃል። ፍየሉም ስሙ ተቀይሮ «ፀሐፊው» ተባለ፤ ፀሐፊያችን ተቀየመ እንጂ ሌላው ሁሉ ደስ አለው። ብቻ እኔ ደጅ የምቆም ሰው ነኝ፤ ደጅ የቆመ ሰው ደግሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ከማየት በቀር ሥራ የለውም። በመጀመሪያ ኢቦ እየሮጠ ነበር የሚገባው። በኋላ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ጀመረ፤ ሁሉም ተነስተው እስኪያበቁ። አንድ ቀን «ኢቦ፣ ሰላም አደርክ?» ስለው «ክቡር አለቃ ነው የሚባለው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ትልቁን ወንበር በራሱ መሐረብ ሲወለውል አየሁት፤ ክንዱን፣ እግሩን፣ ጀርባውን፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው።

ምርጫ መጣ። ኢቦ እንደ ዋዛ «ሥራው ገና ጅምር ነው፣ አንድ ዓመት ቢጨመር ምን ይላችኋል?» አለ አሉ። ወንድሞች እንደ ቀልድ ሳቁለትና ፊሊፕ ኤሹንን መረጡ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሁሉም ይወደዋል። እሱ ሲገባ ወንበር ይስቡለታል።

የዮሐንስ ቀን ደረሰ። እንደ አምናው አቧራ፣ እንደ አምናው ባንድ። ያቺ ዓሣ ነጋዴ ስለ ሰይፌ ጮኸች፤ ከኋላዬ ማንም አልመለሰላትም። ወደ አዳራሹ ወጣን። ወንድሞች ሽርጣቸውን በክንዳቸው ይዘው ቆሙ፤ ኤሹን ከፊት፣ መነጽሩ በላብ ደብዝዞ። ባይዱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ከታች የእመት አራባ ሾርባ ይሸታል።

ኢቦ ከትልቁ ወንበር ፊት ቆመ። አንድ እጁ ወደ ኋላ ሄዶ የወንበሩን ክንድ ይዟል።

«ወንድሞች» አለ፣ «ከወንድሙ ጋር ቂም ያለው አለ?»

«የለም!»

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ግን አልዘጋሁም። ኢቦ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ኤሹንን ያየዋል፣ ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ ኮረብታውን ያየዋል። ሁላችንም ጠበቅን። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ በብር ማዕዘኑ ላይ ጠብ አለ።

«እኔ» አለ። ምራቁን ዋጠ። «እኔ አለኝ።»

ከዚያ ከግድግዳው በኩል አንድ ነገር ፈነዳ። ኮጆ ባይዱ ነው። የሚስቀው ኮጆ ባይዱ ነው! በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ፣ ከሆዱ የሚወጣ፣ እንባውን የሚያፈስ፣ ባርኔጣውን ከራሱ የሚጥል ሳቅ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው አዩት፤ ከዚያ የሚስቅን ሰው አይቶ ዝም ማለት ስለማይቻል እነሱም ሳቁ፤ አንደኛው ተነስቶ ለባይዱ ወንበር ሳበለት።

ኢቦ ብቻ አልሳቀም። ባዶውን እጁን እያወናጨፈ፣ ኤሹንን ከኋላ አስከትሎ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን ሊያየኝ አልፈለገም።

ሰይፌን መዝዤ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ወደ ኮረብታው የሚወጣው አንካሳ ገና አልተነሳም፤ ጊዜው ብዙ ነው። ከበረንዳው ጎንበስ ብዬ ወደ ግቢው ተጣራሁ።

«እመት አራባ! ሾርባውን ከእሳት ያውርዱት!»